ሥዕሉና ሚፍራቱ፦ ገና ያልተሠራ ቤት የሚሸጥልን ሰው ምን ሊነግረን ይገባል?



በዚህ ዓምድ እስካሁን ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ቲያትርና ስለ ሬዲዮ ዝግጅቶች የመሰለንን ሂስ ስናቀርብ ቆይተናል። ዛሬ የምንሄሰው ጽሑፍ ግን በመጻሕፍት መደብር አይሸጥም፤ በሽፋኑም ላይ የደራሲ ስም የለበትም። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰቦቻችን በሕይወታቸው ከሚፈርሙባቸው ወረቀቶች ሁሉ እጅግ ውዱ እርሱ ነው። ይኸውም ገና ያልተሠራ ቤት በፕላን ሲሸጥ ከውሉ ጋር ተያይዞ የሚሰጠው፣ በዕብራይስጥ «ሚፍራት» የሚባለው የቤቱ ዝርዝር መግለጫ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር የሚከተለው ነው። አራት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት እዚሁ ፔታሕ ቲክቫ ለብዙ ዓመታት ተከራይተው ኖሩ። ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ ማሽካንታም ተፈቅዶላቸው፣ መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ካለ ሕንፃ ላይ ቤት ገዙ። በሽያጭ ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ሰፊ በረንዳ፣ ለምለም ዛፍ፣ ከሕንፃው ሥር የቆመች መኪና ይታይበታል። በዚያው ቀን ውሉን ፈረሙ። ወደ ቤት ይዘውት የመጡትን ወፍራም ፖስታ የከፈተችው ከሠራዊቱ ለዕረፍት የመጣችው ትልቋ ልጃቸው ነበረች። ሚፍራቱን ገጽ በገጽ እያነበበች ስትተረጉምላቸው ሦስት ነገር ተገለጠ። የቤቱ ስፋት የተለካው ግድግዳውን ጨምሮ ነው። በሥዕሉ ላይ ያዩት የመኪና ማቆሚያ ለእነርሱ አልተሸጠም። የሕንፃው የቆሻሻ ክፍል ደግሞ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነው። ልጅቷም «አባዬ፣ ሳትፈርሙ ብትደውሉልኝ ምን ነበረበት?» አለች።

አባትየው በማግስቱ ወደ ማኅበራችን መጥተው «አታለሉኝ» አሉን። እኛም ወረቀቱን ከአንድ ጠበቃ ጋር ተቀምጠን አየነው። ያገኘነው መልስ አስደነገጠን። ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር፤ የተደበቀ አንዳች ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ሻጩ ሁሉን ጽፎ ከሰጠ፣ ገዢው ግን ሊያነበው ካልቻለ፣ ነገሩ ተገልጿል ይባላልን?

ከጎጆ እስከ ፕላን

አባቶቻችን በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ቤት ሲሠሩ ሻጭና ገዢ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ደቦ ይወጣል፤ እንጨቱ ከየትኛው ጫካ እንደተቆረጠ፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደተቦካ ባለቤቱ በዓይኑ ያያል። ጎረቤቱም ያውቃል።

በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን በመርከዝ ክሊታና በካራቫን ሰፈር ከቆዩ በኋላ፣ ብዙዎቹ በ1990ዎቹ በተሰጠው ልዩ ማሽካንታ አሮጌ ቤቶችን ገዙ። ስለዚያ ግዢ ብዙ ቅሬታ ይነሣል፤ ቤቶቹ ያረጁ፣ ሰፈሮቹም የተጎዱ ነበሩ። ቢሆንም ቤቱ ቆሞ ነበር። ሰው ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ግድግዳውን ይነካል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ዛሬ ልጆቻቸውም፣ ከ2020 ወዲህ በጹር እስራኤል ዘመቻ ከመጡት ቤተሰቦች አንዳንዶቹም፣ በዕጣም ይሁን በግል የሚገዙት ገና የሌለውን ቤት ነው። ቧንቧው የለም፣ ግድግዳው የለም፣ የሚጠየቅ ጎረቤትም የለም። ያለው ወረቀት ብቻ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዳይደርስብን ከሰማይ ወደ ምድር የሚያወርደን ይኸው ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ማንበብ ቤቱን መጎብኘት ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ክኔሴት በ1973 «ሖቅ ሃሜኸር (ዲሮት)» የተባለውን የመኖሪያ ቤቶች ሽያጭ ሕግ አወጣ። ሕጉ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው የፈረመበትን ሚፍራት ከውሉ ጋር እንዲያያይዝ ያስገድደዋል። የሚፍራቱ ቅጽ በ1974 በወጣ ትእዛዝ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ሻጩ ደስ ያለውን ብቻ መርጦ የሚጽፍበት ወረቀት አይደለም ማለት ነው። የቤቱ ስፋት፣ የጣሪያው ከፍታ፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን፣ የመብራቱ ሶኬት ብዛት፣ የጋራ የሆነውና ያልሆነው ሁሉ መዘርዘር አለበት። ቤቱ በሚፍራቱ ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ከተገኘ፣ ሻጩ ግዴታውን እንዳልፈጸመ ይቆጠራል።

ሁለት ነገር ጨምረን እንናገር። ሻጩ ጣሪያውን፣ ግቢውን ወይም የመኪና ማቆሚያውን ከጋራ ንብረት አውጥቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ካሰበ፣ ይህንኑ በውሉ ውስጥ ወይም ከውሉ ጋር በተያያዘ ጽሑፍ በዝርዝር መግለጥ ይኖርበታል። ካልገለጠ ያ ክፍል የሁሉም ነዋሪዎች እንደሆነ ይቀራል። እንዲሁም ከዚህ ሕግ የገዢውን መብት የሚያጎድል የውል አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ ከሕጉ ማለፍ የሚቻለው ለገዢው ጥቅም ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ «መብቴን ትቻለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁ ብትሆኑም እንኳ ተስፋ አትቁረጡ፤ ጠበቃ ጠይቁ።

በዚያው በ1973 የወጣው የውል ሕግም ማታለል ማለት ውሸት መናገር ብቻ አለመሆኑን ይደነግጋል። በሕግ፣ በልማድ ወይም እንደ ሁኔታው ሊነገር የሚገባውን ነገር አለመናገርም ማታለል ነው።

ሂሳችን

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነውን እናመስግን። ሚፍራት ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ደረቅነቱም ጥቅም አለው። የሽያጭ ሠራተኛው «ሰፊ ሳሎን» ይላል፤ ሚፍራቱ በሜትር ይናገራል። ሥዕሉ ዛፍ ያሳያል፤ ሚፍራቱ ግን ዛፉን ማንም እንደማይተክለው በዝምታው ያስታውቃል። በሥዕሉ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለማሳያ ብቻ» የሚል ቃል አለ፤ በሚፍራቱ ላይ ግን የሻጩ ፊርማ አለበት። ከሁለቱ እውነተኛው ሚፍራቱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ቤተሰቦቻችን በልባቸው የሚይዙት ሥዕሉን መሆኑ ነው።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ ግን ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛው ቋንቋው ነው። ምሳሌ እንስጥ። «የቤቱ ስፋት» ሲባል ማንኛችንም የምናስበው የምንረግጠውን ወለል ነው። በሚፍራቱ ግን ስፋት ማለት በቤቱ የውጭ ግድግዳ በውጭ ፊቱ ዙሪያ በሚሰመር መስመር ውስጥ ያለው ሁሉ ነው፤ ግድግዳው ራሱ በስፋቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ 100 ሜትር ካሬ የተባለውን ቤት ገብታችሁ ወለሉን ብትለኩ 100 አታገኙም። በዚያ ላይ እስከ 2 በመቶ የሚደርስ የስፋት ልዩነት እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ከ100 ሜትር ላይ ይህ 2 ሜትር ካሬ ይሆናል። ይህ ሁሉ በሕግ የተፈቀደና የተጻፈ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል በገበያ አንድ ትርጉም፣ በቅጹ ሌላ ትርጉም ሲኖረው፣ ያልተነገረው ሰው ምን ያድርግ? እንዲሁም በብዙ ሚፍራቶች «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል ይገኛል። ሸክላው የዚህ ፋብሪካ ወይም ተመጣጣኝ፣ ቧንቧው የዚያ ወይም ተመጣጣኝ ይላል። ተመጣጣኝ መሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? ይህን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ወረቀቱ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚታየው በፊርማው ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ ቡና ቀርቧል፣ ሌላ ቤተሰብ በር ላይ ተራ ይጠብቃል፣ «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል» ይባላል። በዚህ ሁኔታ ወፍራሙን ወረቀት አንብቦ የሚጨርስ ጠበቃም አይገኝ። ፍርድ ቤት ደግሞ የፈረመ ሰው ያነበበና የተረዳ ነው ብሎ ይነሣል፤ ይህን ግምት ማስለወጥ ከባድ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ሚፍራቱ ስለ ቤቱ ሲናገር ስለ አካባቢው ብዙም አለመናገሩ ነው። ከፊት ለፊት ባለው ባዶ መሬት ላይ ምን ሊሠራ ታቅዷል? መንገድ ነው፣ ፎቅ ነው፣ ወይስ ትምህርት ቤት? በከተማችን የጃቦቲንስኪን መንገድ ያስታውሷል። ቀይ መስመር የተባለው ቀላል ባቡር ነሐሴ 18 ቀን 2023 አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በመንገዱ ዳር የኖሩ ሰዎች ለዓመታት ቁፋሮና አቧራ ችለዋል። ባቡሩ መልካም ነገር ነው፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ለሥራ እንሄድበታለን። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ዕቅድ አውቆ መግዛትና ሳያውቁ መግዛት አንድ አይደለም።

የሻጮችን ቃል እንስማ

ሂስ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን፣ ቤት የሚሸጡ ሰዎች የሚሉትንም እናቅርብ። «ቅጹን ያወጣው መንግሥት ነው፤ እኛ ሞልተን እንሰጣለን። ገዢው አዋቂ ሰው ነው፤ ጠበቃ ይያዝ። በአማርኛ ብንተረጉምና ትርጉሙ ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ይሆናል?» ይላሉ። ይህ ባዶ ቃል አይደለም። ሚፍራት በአማርኛ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ በፍርድ ቤት የሚታየውም የዕብራይስጡ ነው።

ሆኖም መልስ አለን። ያው ኩባንያ ማስታወቂያውን በሩስኛና በፈረንሳይኛ ለማተም አልከበደውም። ገዢን ለመጥራት ቋንቋ ከተገኘ፣ ለገዢው ለመግለጥም ሊገኝ ይችላል። ትርጉሙ ለማስረዳት ብቻ ነው ተብሎ ይጻፍበት፤ ለዕብራይስጡ ምትክ አይደለም ይባል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ ሚፍራቱን ከፊርማው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መስጠት ነው። ይህ ሻጩን አንዲት አጎራ አያስወጣውም።

ገንዘቡስ የት ነው ያለው?

ስለ ቤቱ መግለጥ አንድ ነገር ነው፤ የገዢው ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ መግለጥ ደግሞ ሌላ ነው። በ1974 የቤት ገዢዎችን ገንዘብ የሚያስጠብቅ ሕግ ወጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት ሻጭ ከቤቱ ዋጋ ከ7 በመቶ በላይ ከመቀበሉ በፊት ለገዢው በሕጉ ከተቆጠሩት ዋስትናዎች አንዱን መስጠት አለበት፤ ከእነዚህም በጣም የተለመደው የባንክ ዋስትና (ዓርቩት ባንካኢት) ነው።

ሕጉ ግን ብቻውን አያድንም። በነሐሴ 2007 ሔፍጺባ የተባለው ትልቅ የግንባታ ኩባንያ ወደቀ። ሕጉ በዚያን ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ቤተሰቦች ሙሉ ገንዘባቸውን ከፍለው ባዶ ሕንፃ ገጠማቸው፤ በሞዲዒን ዒሊትና በሌሎችም ቦታዎች ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ውሃና መብራት ወደሌለው ያላለቀ ቤት ገቡ። የኩባንያው ኃላፊ ቦዓዝ ዮና ወደ ጣሊያን ሸሽቶ ተይዞ ተመለሰና የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዋስትናውን በእጃቸው ያስገቡና ያላስገቡ ገዢዎች ግን በዚያ ቀን እኩል አልቆሙም። ከዚህ በኋላ በ2008 ሕጉ ተሻሻለ። ባንክ በሚከታተለው ግንባታ ገዢው የሚከፍለው በባንኩ በተዘጋጁ የክፍያ ደረሰኞች (ሾቫሪም) ብቻ ሆነ፤ ባንኩም በተከፈለው ልክ በ14 ቀን ውስጥ ዋስትና መስጠት አለበት።

ይህ በሽታ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አክሰስ ሪል እስቴት ከብዙ ገዢዎች፣ በውጭ አገር ካሉት ጭምር፣ አስቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ ቤቶቹን በጊዜው ሳያስረክብ መቅረቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከዚህ ሆነው ወደዚያ ለቤት መግዣ የሚልኩ ወገኖቻችንም «ገንዘቤን የሚጠብቀው ዋስ ማን ነው?» ብለው መጠየቅን እንዳይረሱ።

ራሳችንንም እንውቀስ

ሌላውን ስንሄስ ራሳችንን መተው ተገቢ አይሆንም። ማኅበራችን በዓል ሲደርስ አዳራሽ ይከራያል፣ እንግዳ ይጋብዛል። ሆኖም ስለ ቤት ውል አንድ ምሽት እንኳ አዘጋጅቶ አያውቅም። በየቤታችንም ከባንክ፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከጠበቃ የሚመጣውን ወረቀት የሚያነብልን ልጅ ነው። የ12 ዓመት ልጅ «ሚፍራት» የሚለውን ቃል ከእኛ የበለጠ አያውቀውም፤ ተሳስቶ ቢተረጉም ደግሞ ጸጸቱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። ይህ ጫና ከልጆቻችን ትከሻ መውረድ አለበት።

ከመፈረም በፊት

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ውሉን፣ ሚፍራቱንና ፕላኖቹን ወደ ቤት ወስዳችሁ ለማንበብ ጠይቁ። እምቢ የሚል ሻጭ በእምቢታው አንድ ነገር ነግሯችኋል።

2. የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ። ለሻጩ ጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ የእናንተ ጠበቃ አያደርገውም። አቅም ካነሰ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የሕግ እርዳታ ክፍልና በየከተማው ያሉትን የሺል ነጻ የምክር ቢሮዎች ጠይቁ።

3. «ዚኽሮን ድቫሪም» ወይም የመመዝገቢያ ቅጽ ነው ተብሎ የሚቀርብን ወረቀት አቅልላችሁ አትዩ። እንደ አጻጻፉ እርሱም ሙሉ ውል ሊሆን ይችላል።

4. የሽያጭ ሠራተኛው በቃል የነገራችሁን ሁሉ በጽሑፍ እንዲያስገባ ጠይቁ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል።

5. የመሬቱን ባለቤትነት በጣቡ፣ የተቋራጩን ምዝገባ በተቋራጮች መዝገብ፣ የአካባቢውን ዕቅድ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ኮሚቴ አጣሩ።

6. ዋጋው ከግንባታ ዋጋ መለኪያ (ማዳድ) ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ ጠይቁ። በ2022 በወጣው ማሻሻያ መሠረት ሊያያዝ የሚችለው ከዋጋው ከ40 በመቶ አይበልጥም። ቤቱ በቀኑ ካልተሰጠም በተመሳሳይ ቤት ኪራይ ልክ የሚታሰብ ካሳ በሕጉ አለ።

7. ቁልፍ ስትቀበሉ «ቶፌስ 4» መኖሩን አረጋግጡ፤ የሚታየውን ጉድለት ሁሉ ጽፋችሁ ስጡ። በርክክቡ ጊዜ ሊታይ ይችል የነበረ ጉድለት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሻጩ ካልተነገረ መብቱ ሊጠፋ ይችላል። ሻጩም እንዲጠግን ዕድል መስጠት ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ተጽፎ የተሰጠ ነገር ሁሉ ተገልጿልን? በሕጉ ፊደል ብዙ ጊዜ አዎን። በእኛ አስተያየት ግን መግለጥ ማለት ሌላው ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ሻጩ ግማሹን መንገድ በወረቀት መጥቷል፤ የቀረውን ግማሽ በቋንቋና በጊዜ እንዲመጣ ልንጠይቀው ይገባል። እስኪመጣ ድረስ ግን እኛው ልንሄድ ግድ ነው።

ከላይ የጠቀስነው ቤተሰብ ዛሬም ቁልፉን እየጠበቀ ነው። የመኪና ማቆሚያውን በተጨማሪ ገንዘብ ገዝቷል፤ ስለ ቆሻሻው ክፍል በጠበቃ በኩል ደብዳቤ ተጽፎ መልስ ይጠበቃል። አባትየው ይህን እንድንጽፍ ሲፈቅዱልን «እኔ ከፈረምኩ በኋላ ተማርኩ፤ ሌላው ሳይፈርም ይማር» ብለውናል።

ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ። አብረን እናነበዋለን።

በሰላም ግቡበት እንላለን።